መልስ፦ የግቢ ኩሬ ፓምፕ ሲነዝር

ወንድሜ "እጄን ውሃው ውስጥ ሳስገባ ትንሽ ይነዝረኛል፣ ፓምፑም የሚገፋው ውሃ ቀንሷል" ላልከው፣ ትንሽ ንዝረት ብሎ ነገር የለም! አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፋ ከዛ ሶኬቱን ንቀል፣ ልጆችም እንዳይጠጉ። ብዙ ጊዜ ገመዱ ተልጦ ነው ወይ ደሞ የሆነ ሰው ውሃ ውስጥ በፕላስተር ቀጥሎት ነው፣ ፕላስተር እኮ ውሃ አያቆምም። እንደዛ ከሆነ አትጠጋግነው ቀይረው፣ ኤሌክትሪሻን ጠርተህም ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን የጥበቃ ሽቦ) ያይልህና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይ ወደ ሰው ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋ መሣሪያ) ያስገባልህ፣ ምክንያቱም ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ አንተን አይደለም።

የውሃው መቀነስ ቀላል ነው፣ ወንፊቱን ጭቃና አልጌ ደፍኖት ይሆናል። ሶኬቱ እንደተነቀለ ፓምፑን አውጣው (ገመዱን ይዘህ እንዳትጎትት፣ የሚላጠው በዚሁ ነው)፣ ክዳኑን ከፍተህ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፣ ዓሳ ካለህ ግን ሳሙና በፍጹም። ስትመልሰው ጡብ ላይ አስቀምጠው፣ የታቹን ጭቃ እንዳይስብ። በበጋ ደሞ ውሃው ተንኖ ሲወርድ እየጨመርክ፣ በደረቁ ከዞረ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋም "በቃ ጠፍቷል" ብለህ እጅህን እንዳትከት፣ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም ሃሃ