ኮምቦልቻ ላይ የአጋታ ክሪስቲን ቴአትር ልታሳዩ ለተነሳችሁ

እህቴ፣ «የኮምቦልቻው አማተር ክበባችን የአጋታ ክሪስቲን ያንን አሥር ሰዎች ደሴት ላይ አንድ በአንድ የሚያልቁበትን ቴአትር ሊያሳይ ነው፤ ምን እንጠንቀቅ?» ብለሻል። እኛ ደሴ ላይ ሠርተነዋል። ልምምድ፣ ልብስ፣ ሜካፕ ምናምን አይጠፋችሁም፣ ልለፈው።

1. የማሳያ ፈቃዱን ከመብቱ ባለቤቶች በኢሜይል ጠይቁ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ውጭ ዘመድ ያለው አባል ፈልጉ። ለእኛ የአንዷ ተዋናይ ወንድም ከፈለልን። እስከ ዛሬ ብሩን እየጠየቀን ነው።

2. ገጸ ባሕርያቱ ከጀልባ ነጂው ጋር አሥራ አንድ ናቸው፤ ስምንት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ቀድሞ የሚሞተውን ሚና ሥራ ለሚበዛበት ልጅ ስጡት። የእኛው የማታ ፈረቃ ነበረው። ይሞትና በባጃጅ ይከንፋል።

3. ታሪኩ ውስጥ ትንንሽ የወታደር ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ ሰው በሞተ ቁጥር አንዱ ይጎድላል። ሸክላ ሠሪ አዘዝን። መጀመሪያ የመጡልን አውራ ጣት የሚያክሉ ነበሩ፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሚያያቸው የለም። ክንድ የሚያክሉ አሠሩ። ከዚያ ተመልካቹ ራሱ ይቆጥርላችኋል። አንድ ሕፃን ከፊት ወንበር ተነስቶ «እማ፣ ስድስት ቀሩ!» ሲል አዳራሹ ተንጫጫ። ወላሂ፣ ከተዋናዮቹ በላይ ሰው ያስደነገጠው እሱ ነው።

መብራት ቢጠፋም አትደንግጡ። ታሪኩ ውስጥም ይጠፋና በሻማ ይቀመጣሉ። ሻማ ብቻ በብዛት ያዙ።

4. አዳራሽ። የተንገበገብነው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤ ይዘን አዳራሹን ወደሚፈቅደው ቢሮ ሄድን። «መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ነገ ብቅ በሉ»። በስንት ምልልስ ስናገኘው ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ሙሉ ጽሑፉን ካላነበብኩ አልፈቅድም» አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እኮ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል አልነው። «እንግዲያው ሕገ መንግሥቱ አዳራሽ ይስጣችሁ!» አይለን መሰለሽ?

ምን ይደረግ፣ ሰጠነው። ብዙም ሳይቆይ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ቁጭ ባልኩበት ከጎኔ ያሉት ሰዎች ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚተርፍ ሲያወሩ ሰማሁ። ሰውዬው አንብቦ ለጓደኞቹ ዘርግፎታል! ደሴን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ሸዋበር የተወራ ሳይውል ሳያድር ቧንቧ ውሃ ይደርሳል። ፖስተሩ ተለጥፏል፣ ትኬቱ ተሸጧል። የግድያ ምስጢር ቴአትር መጨረሻው ታውቆ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

ያዳነን አንዷ አባላችን መጽሐፉንም ማንበቧ ነው። ልብወለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ደራሲዋ ራሷ ወደ ቴአትር ቀይራው በ1943 ለንደን ላይ ሲታይ መጨረሻውን አለዝባዋለች። ገዳዩ ያው ነው፤ የሚተርፈው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለቢሮው የሰጠነው የለዘበውን ነበር። በመጽሐፉ የሚጨርሰው አማራጭም ለመድረክ ይፈቀዳል። በቀሩን ቀናት እንቅልፍ አጥተን እሱን አጠናን።

የመክፈቻው ዕለት ሰውየው ከነጓደኞቹ ፊት ወንበር ላይ ተሰየመ። ገና ከጅምሩ «አሁን ይሄ ይሞታል፣ ቆይ እያችሁ» እያለ ያንሾካሹካል። መድረክ ላይ ሆኜ ይሰማኛል። መጨረሻው ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ «ውይ!» አለ። በጣም የደነገጡት አስቀድመው ያወቁ የመሰላቸው ናቸው። እሱን ለማየት ብቻ እንኳ ሁሉንም ድካም እደግመዋለሁ።

በማግስቱ አስጠራን። «የፈቀድኩላችሁ ይሄ አልነበረም!» አለ። ሁለቱም መጨረሻ እንደሚፈቀድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርንለት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «በሉ ሂዱ» አለን።

እናንተም ጋ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውኑ ሁለቱንም መጨረሻ አስገቡ። ሁለቱንም አጥኑ። የትኛው እንደሚታይ ግን እስከ ዋዜማው አዘጋጁ ብቻ ይወቅ። የደብዳቤውንም ገቢ ቁጥር ጽፈሽ ያዢ፤ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ማለታቸው አይቀርም።