«ስንት ሰዓት ተኛ?» — የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ የሀዋሳ ወላጆች። ዛሬ ተረኛ ስላልሆንኩ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ነኝ። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ በጽሑፍ ደግሞ ምርመራ አይደረግም። ሁሌ የምለውን አስቀድሜ ልበለውና ልገላገል፦ የሌላ ሰው ኪኒን አትዋሱ፤ ለራሳችሁ የታዘዘውንም «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። በሉ ጠይቁ።

ስም የለሽ፦ ሲስተር ጭንቀት አለብኝ። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ጭንቀት የሌለበት ማን አለ ወንድሜ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ሥራ አስፈታህ? እንቅልፍህስ? እሱን ጽፈህ ተመለስ።

የአቶቴዋ፦ እህቴ ከወለደች አምስተኛ ሳምንቷ ነው፣ የምትታረሰው እኛ ጋ ነው። ገንፎውም አጥሚቱም አልጎደለባትም። ግን ታለቅሳለች፤ ሕፃኑን ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። እናቴ ዓይን ነው ብላ ትራሷ ሥር ቢላ አስቀምጣለች።

ሲስተር፦ ሕፃኑ ሲተኛ እሷ ትተኛለች?

የአቶቴዋ፦ ኧረ የታባቷ! ጣሪያውን ስታይ ነው የማገኛት።

ሲስተር፦ ይቺን ጥያቄ ሁላችሁም ያዙልኝ። አራስ እንቅልፍ ማጣቷ ያለ ነው፤ ልጁ ይቀሰቅሳታል። ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ሰውነቷ ዝሎ እያለ እንቅልፍ እምቢ ካላት ግን ሌላ ነገር አለ። በወለዱ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሆድ መባስና እንባ ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። አምስተኛ ሳምንት ከደረሰ «ይለቃታል» ተብሎ አይጠበቅም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል፣ እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። በስድስተኛው ሳምንት ልጁን ለክትባት ትወስዱት የለ? እዚያው ስለ እናቱም ተናገሩ። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ እናቱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ሳይኖር ወደ ቤት ይመለሳሉ። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ከ3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ልጁ አንቺ ጋ ይደር። ለጡት ብቻ ውሰጂላት፤ ማስገሳቱም ዳይፐሩም ያንቺ ነው። እንዲህ ሦስት አራት ሌሊት አድርጊ።

አራስ ብቻዋን አትተው የሚለው የናቶቻችን ልማድ ወርቅ ነው፣ ያዙት። ቢላውን ግን አንሱት። እምነታችሁን ልነካ አይደለም፤ ብረት ካስፈለገ ማንኪያም ብረት ነው። ድምፅ ይሰማኛል ካለች፣ ስለ ልጁ እንግዳ ነገር መናገር ከጀመረች ወይም ጨርሶ ሳትተኛ ካነጋች ክትባቱን አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዷት።

እማማ፦ እኔ ስምንት ወልጃለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። የዛሬ ልጆች ቅምጥሎች ናችሁ።

የፓርኳ፦ እማማ፣ እርስዎ ሲታረሱ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?

እማማ፦ እናቴ አለች፣ ሁለት አክስቶቼ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሲገባ ሲወጣ።

የፓርኳ፦ እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ሁላችንም ፈረቃችን ለየቅል ነው። ጓደኛችን ስትወልድ ያረስናት እኛው ነን። ገንፎ ማገንፋት የምታውቅ እንኳ አልነበረችም፤ ጓጉሎ ጓጉሎ እየሳቀች በላችው።

እማማ፦ እሰይ የኔ ልጆች። ያን ጊዜ ብትነግሩኝ እኔ አገነፋላችሁ ነበር።

ሌላ ስም የለሽ፦ ሲስተር፣ ለጭንቀት ምን ጥሩ ነው?

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

የባለባጃጁ ሚስት፦ ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ይቅማል። ማታ 5 ሰዓት ገብቶ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲገላበጥ ያድራል። አሁን ደግሞ ከጓደኛው የእንቅልፍ ኪኒን ማምጣት ጀምሯል። ጠዋት ልጆቹ ሲንጫጩ አውሬ ይሆንብናል።

ሲስተር፦ የሌላ ሰው ኪኒን! ስንጀምር ምን አልኩ? ዲያዜፓም ከሆነ ማታ የተዋጠው በማግስቱም ሰውነት ውስጥ ነው፤ ጠዋት መሪ የሚይዘው እጅ ገና አልነቃም ማለት ነው። ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ ቢራ ወይም አረቄ ከተጨመረበት ትንፋሽ ያዳክማል። ደብቀሽ እንዳትጥዪበት ደግሞ። ለወራት የወሰደ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለው ይችላል፤ የሚቆመው በሐኪም እየተቀነሰ ነው።

ወደ ጫቱ ስንመጣ፣ የወንዶ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በሩጫ የሚመጣው ለምን ይመስላችኋል? ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚበላሽ ነው። ቃሚው የሚከፍለው ለእሱ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብት ይላል፣ ይነጫነጫል፤ ቤተሰቡ ይህንን «ጠባዩ ተበላሸ» ይለዋል። ያልቃመ ቀን ዱካኩ ይመጣል፤ ሲታነቅ፣ ገደል ሲገባ አልሞ እየጮኸ ይነቃል። ያንን ፈርቶ በማግስቱ ይቅማል። ስለዚህ ጠዋት በተናደደበት ሰዓት አትግጠሚው፤ ያን ሰዓት የምታወሪው እንቅልፍ ካጣ ጭንቅላት ጋር ነው። ረጋ ባለበት ቀን «ለምን ትቅማለህ» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ላይ ትጀምራለህ» በዪው። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ረፋድ አምጥተው ከዚያ መጠኑን የቀነሱ ሰዎች አሉኝ። በአንድ ቀን አቁም የተባሉት አብዛኞቹ በሳምንታቸው በርጫው ላይ ናቸው።

የታቦሩ፦ እኔ 12 ዓመት ቅሜ ምንም አልሆንኩም።

ሲስተር፦ ሚስትህን ጠይቀን እንመለሳለን።

መምህር፦ የልጄ ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ከሆነ ወዲህ ቤቱ በሙሉ ተፈታኝ ሆኗል። ልጁ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያጠናል፣ እናቱ ደግሞ ማታ ማታ ቡና ታፈላለታለች።

ሲስተር፦ መምህር፣ እርስዎ ያስተማሩትን ልድገምልዎ፦ ቀን የተጠናው የሚደላደለው በእንቅልፍ ነው። ሌሊቱን የቆረጠ ልጅ ያጠናውን ነው የቆረጠው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ይፈልጋል፤ ማታ 1 ሰዓት የጠጣው ቡና ግማሹ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ደሙ ውስጥ ነው። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ይቆያል፤ እናንተም ስሙ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ባይቀርብ እወዳለሁ።

እማማ፦ የማታ ቡና ይቅር?! አቦል ቶናዬን በረካዬን ጠጥቼ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው። ያልጠጣሁ ቀን ነው ራሴን የሚፈልጠኝ።

የታቦሩ፦ እማማ ልክ ናቸው። ቡና ካፈላች ነው ጎረቤት የሚገናኘው። ሲስተር፣ ጎረቤት ከሌለ ምን የአእምሮ ጤና አለ?

ሲስተር፦ ራስ ምታቱ ራሱ የካፌይን ሱስ ነው፤ ባቆሙ በቀኑ ይጀምራል፣ በሳምንት ገደማ ይለቃል። ስለ ጎረቤቱ ተሸንፌያለሁ። ረፋድ ላይ አፍልታችሁ ጥሩኝ።

ከዳቶ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ወንድሜ ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ዝም ብሏል። ዛሬ ሞተሩን ለጓደኛው ሰጠ። «እናንተም ታርፋላችሁ» ሲል ሰማሁት።

ሲስተር፦ የቡናውን ክርክር አቁሙ። እህቴ፣ አሁን የት ነው? ማን አብሮት አለ?

ከዳቶ፦ ክፍሉ ነው። እኔና እናቴ ሳሎን ነን።

ሲስተር፦ ግቢና አጠገቡ ተቀመጪ። በቀጥታ ጠይቂው፦ «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። ምክርም ቁጣም አትጨምሪበት። እናትሽ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ካለ ከቤት ያውጡ። ከዚያ የሚሰማውን ሰው ጥሩና ይዛችሁት ሪፈራል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነገ እሁድ ነው ብላችሁ ሰኞን አትጠብቁ። እስከዚያ ለደቂቃ ብቻውን አይሁን። በውስጥ ጻፊልኝ።

ከዳቶ፦ አጎቴን ጠራሁት። ባጃጅ ይዞ እየመጣ ነው።

የባለባጃጁ ሚስት፦ ባጃጁ ካልመጣ የኛ ሰውዬ ቤት ነው። ዛሬ አልቃመም። ልላከው?

ከዳቶ፦ መጣ። እግዜር ይስጥሽ።

ሲስተር፦ በውስጥ እያወራኋት ነው። እናንተ ቀጥሉ፣ ባጭሩ ባጭሩ እመልሳለሁ።

ወንድም ከሞቢል፦ እናቴ የድብርት መድኃኒት ጀምራ ሳምንቷ ነው። ለውጥ የለም። ጸበል ይሻላል ብለን ልናቋርጥ ነበር።

ሲስተር፦ አታቋርጡ! መድኃኒቱ ሥራው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ከተሻላት በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል።

ዲያቆን፦ ጸበልን ልታጣጥዪ ነው ሲስተር?

ሲስተር፦ ምነው ዲያቆን! በአቡነ ጳውሎስ ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበሉ ጋር ይወሰድ ተብሎ ከራሷ ከቤተ ክርስቲያን አልተመከረም? ይሄም እንደዚያው ነው። ጾም ላይ ከሆኑ የኪኒኑ ሰዓት ወደ ማታ ይዞር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። የረመዳን ጿሚም እንዲሁ።

ዲያቆን፦ እንዲያ ከሆነ ይሁን። ጸበል ቦታ ሕመምተኛ የሚታሰርበት ሰንሰለቱስ?

ሲስተር፦ ሰንሰለት የለም። እሱ ላይ አልከራከርም።

እናት፦ የ6 ዓመት ልጄ አልጋ ላይ ይሸናል።

ሲስተር፦ አትምቺው፣ በሰው ፊት አታንሺበት። ደርቆ ቆይቶ እንደገና ከጀመረ ጤና ጣቢያ አሳዪው።

ባል፦ አማቴ ትዳሬን እየበጠበጠች ነው።

ሲስተር፦ ይሄ የሽማግሌ ነው።

የፓርኳ፦ የሲዳማ አባቶች መጀመሪያ «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። አማትህ ያንተን ወገን ሰምታለች?

ባል፦ እኔ ሲስተርን ነው የጠየቅኩት።

ሲስተር፦ እሷ መልሳልሃለች።

ስም የለሽ፦ ሲስተር ተመልሻለሁ። ጭንቀቱ ከሦስት ወር በፊት ነው የጀመረኝ፤ ሥራ አላስፈታኝም። ሌሊት 9 ሰዓት ነው የምተኛው፣ ስልክ ላይ ነኝ።

ሲስተር፦ ተባረክ፣ ዛሬ በትክክል የጻፍክ አንተ ነህ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እኩል ሰዓት ተነሣ፣ እሁድንም ጨምሮ። የተኛህበትን ሰዓት እየጻፍክ ያዝልኝ።

ስም የለሽ፦ ስልኬ ነው ማንቂያዬ።

ሲስተር፦ ፒያሳ ሰዓት ይሸጣል። ከዳቶ እየደወሉልኝ ነው፤ ወጣሁ። ማታ ቡና የጠጣችሁ ቀጥሉ፣ ተከራከሩ።