ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን ንኩ፦ የጓሮ አትክልት ጥያቄና መልስ ከደሴና ከኮምቦልቻ አባላት ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ጠይቁ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀው አትክልት፣ ፍራፍሬና የዛፍ ችግኝ ነው። የእህል ጥያቄ ያላችሁ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ደሴ ናችሁ ወይስ ኮምቦልቻ? ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያ ወደ 4 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ነው። ለተክል ሌላ አገር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቅጠሉን ብቻ አይታችሁ አትምጡ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱና ንገሩኝ።

ከሆጤ፣ ደሴ፦ ጋሼ እንዴት ዋሉ? ቃሪያ በባልዲ ተክያለሁ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ ቀን ቀን ግን ይጠወልጋል። ዩሪያ ልጨምርበት?

መልስ፦ ዩሪያውን አስቀምጪው። ባልዲው ከታች ቀዳዳ አለው?

ከሆጤ፦ የለውም። ውሃው እንዳይፈስ ብዬ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ቃሪያሽ እየታፈነ ነው። ይህን ሁሉም ሰው በደንብ ያንብብልኝ፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

ሥር ይተነፍሳል። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩ ወደ ሥር ይወርዳል። ሥር ያንን ስኳር ወደ ጉልበት የሚለውጠው በኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካለው አየር ነው። ውሃ ሁሉንም ክፍተት ሲሞላው አየሩ ይወጣል። ሥሩ ጉልበት ያጣል። ጉልበት ያጣ ሥር ማዕድን መሳብ ያቅተዋል፤ ውሃውንም እንደ ልቡ አይስብም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ ጥውልጉን ያይና "ጠምቶታል" ብሎ ይጨምርበታል። በደግነት ይገድለዋል።

የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ የሚሆነውም በምክንያት ነው። ናይትሮጅን ሲያጥረው ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። አንቺ ይህን አይተሽ ናይትሮጅን የሚሰጠውን ዩሪያ አሰብሽ። ናይትሮጅኑ ግን አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የሚስበው ሥር ነው የጠፋው። በታመመ ሥር ላይ ዩሪያ ከጨመርሽ ጨው ነው የሚሆንበት፤ ያቃጥለዋል።

ባልዲውን ከታች አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። ከድንጋይ ላይ አስቀምጪው። ከዚያ በቀን መቁጠሪያ አታጠጪ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺ። ርጥብ ከሆነ ተዪው። ሥሩን አይተሽ ተመልሰሽ ንገሪኝ፤ ነጭ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ በስብሷል።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦ ፓፓያ ተክዬ ሦስት ዓመት ሆነው። ፍሬ የለም።

መልስ፦ ደሴ ላይ ፓፓያ አትድከም። ቅዝቃዜ አይወድም። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ እዚያ ትከል።

ከቦርከና አካባቢ፣ ኮምቦልቻ፦ እኛ ጋ ይበቅላል ጋሼ፤ የኔ ግን አበባው እየረገፈ ፍሬ አይዝም።

መልስ፦ አበባው እንዴት ነው? በረጅም ዘለላ ተንጠልጥሎ ብዙ ትንንሽ አበባ ከሆነ ወንድ ነው። ሴቷ አበባዋ ትልቅ ነው፤ ግንዱ ላይ ተጠግታ ነው የምታብበው።

ከቦርከና አካባቢ፦ ተንጠልጥሏል።

ሌላ አባል፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድ ከሆነ ግንዱ ላይ ምስማር ምታበት። አያቴ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ወላሂ አፍርቷል።

ሌላ አባል፣ ደሴ፦ ምስማር ዛፍ ያቆስላል እንጂ ፆታ ይቀይራል እንዴ?

ሌላ አባል፣ ኮምቦልቻ፦ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ።

መልስ፦ ያየኸውን አልክድህም። የፓፓያ ፆታ የሚወሰነው በዘሩ ነው። አንዳንድ ወንድ ዛፍ ግን የአየሩ ሙቀት ሲለዋወጥ ራሱ ጥቂት ፍሬ ሊይዝ ይችላል። ምስማሩ የተመታው በዚያው ሰሞን ከሆነ ሰው ምስማሩ ያመጣው ይመስለዋል። ቁስሉ ግን ለብስባሽ በር ይከፍታል። አትምቱ። ፓፓያ ስትተክሉ አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ችግኝ አድርጉ። ሲያብቡ ሴቷን አስቀሩ፣ ሌላውን ንቀሉ። ለጓሮው በሙሉ አንድ ወንድ ዛፍ ይበቃል።

ስም ያልጻፈ አባል፦ ተክሌ ደረቀ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የት? ምን ተክል? አፈሩ ርጥብ ነው ደረቅ? መጀመሪያ ላይ የለመንኳችሁን አንብብና እንደገና ጻፍ።

ከበርበሬ ወንዝ፣ ኮምቦልቻ፦ እንደምን ዋሉ ልጄ። የሎሚ ዛፌ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ነው፤ የቅጠሉ ጅማት ግን አረንጓዴ ነው። የምድጃ አመድ በየሳምንቱ አደርግለታለሁ። ለምን ቢጫ ሆነብኝ?

መልስ፦ ደህና ዋሉ እናቴ። በደንብ አይተው ነው የጻፉት፤ ተባረኩ። ከሆጤዋ እህታችን ጋር ያለውን ልዩነት ሁሉም ይይልኝ። የእሷ አሮጌው ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው፤ የእርስዎ አዲሱ ነው። ናይትሮጅን ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ አይነቃነቅም። ስለዚህ ብረት ሲያጥር የሚቸገረው አዲሱ ቅጠል ነው። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ ብረት ነው።

አፈሩ ላይ ብረት ጠፍቶ አይደለም። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ብረቱ አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ሎሚ ደግሞ በዚህ በኩል ስስ ነው። አፈርዎ ዋልካ ከሆነ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ያም ይጨምርበታል። አመዱን ያቁሙ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከግንዱ አንድ ክንድ አርቀው ያድርጉለት። ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያውጡ። ቢጫ የሆነው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ ቀጥሎ የሚወጣውን ይዩ።

ከሸዋ በር፣ ደሴ፦ አመድ ለማዳበሪያ ጥሩ ነው ሲባል አልነበር እንዴ?

መልስ፦ ኮምጣጣ አፈር ላይ፣ በልኩ ከሆነ ጥሩ ነው። ፖታሲየም አለው። በየሳምንቱ ግን አይሆንም።

ከሸዋ በር፦ ታዲያ የተክል ምግቡ ምንድን ነው? ማዳበሪያ አይደለም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ማዳበሪያ የተክል ምግብ አይደለም። ተክል ምግቡን ራሱ ይሠራል።

ቫን ሄልሞንት የሚባል ሰው ነበር፣ በዛሬዋ ቤልጂየም። 90 ኪሎ ያህል አፈር አድርቆ መዘነ። በርሜል ውስጥ አድርጎ ሁለት ኪሎ ገደማ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ75 ኪሎ በላይ መዘነ። አፈሩን እንደገና አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም አይሞላም። ሥራው የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ በ1648 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። እሱ "ዛፍ ከውሃ ነው የተሠራው" አለ። ግማሹን አገኘ፤ አየሩን አላሰበም። ዛሬ እንደምናውቀው የደረቀ እንጨት ካርቦኑን በሙሉ ያመጣው ከአየር ነው። ቅጠል በትንንሽ ቀዳዳዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ በብርሃን ኃይል ከውሃ ጋር ያዋህደዋል፣ ስኳር ይሆናል።

ያቺ የጎደለች ጥቂት ግራም ግን ቀላል አይደለችም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ብረት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጨው በልተው አይጠግቡም፤ ያለ ጨው ደግሞ ወጥ አይበላም። ማዳበሪያ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ ሥር የሚተነፍስበት አፈር፣ ቀጥሎ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ማዳበሪያ። ሰው ሁሉ ከመጨረሻው ይጀምራል።

ከሮቢት፣ ደሴ፦ መኝታ ቤት ተክል ማሳደር ይገድላል ይባላል?

መልስ፦ አይገድልም። አጠገብህ የሚተኛ ሰው ከተክሉ የበለጠ አየር ይጠቀማል።

ከጢጣ፣ ደሴ፦ የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ አጥሬን ተጠግቷል። ከዚያ ወዲህ ጎመን እምቢ አለኝ።

ሌላ አባል፣ ደሴ፦ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር መነቀል አለበት። ምንጭ አድርቋል፣ መሬት ገድሏል።

ሌላ አባል፣ ጢጣ፦ ማገዶህና የቤትህ ማገር ከየት መጣ? እናቶቻችን በጀርባቸው ተሸክመው ያሳደጉን በሱ አይደለም?

ሌላ አባል፣ ደሴ፦ ወይራውና ጥዱ ነበር እኮ!

ሌላ አባል፣ ጢጣ፦ ወይራው አልቆ ነው ባሕር ዛፍ የመጣው።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ጠያቂው ግን ስለ ጎመኑ ነው የጠየቀው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፣ ማገዶ ስላለቀ። ጥፋቱ የተተከለበት ቦታ ነው። ምንጭ ዳርና እርሻ ዳር አይተከልም። ሥሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ውሃውን ይቀማል። የረገፈው ቅጠሉም የሌላ ዘር እንዳይበቅል ያዳክማል። አንተ በአጥሩ ጥግ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍር። ሥሩ ይቆረጣል። በየዓመቱ አጽዳው፤ ተመልሶ ይመጣል። ከጎረቤትህ ጋር ግን አስቀድመህ ተነጋገር።

ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ፦ ክረምት ላይ ቲማቲሜ ቅጠሉም ፍሬውም ጠቆረ። በሳምንት ውስጥ አለቀ። መድኃኒት ረጭቼበታለሁ።

መልስ፦ አጠገቡ ድንች ነበር?

ከቧንቧ ውሃ፦ ነበር፤ እሱም ጠቁሯል።

መልስ፦ አንድ በሽታ ነው። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1845 አየርላንድ ድንቹን አጥፍቶ ሕዝብ ያስራበው ይኸው ነው። ብርድና ርጥበት ሲገናኙለት ቀን አይሰጥም። ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር ነው የሚይዘው። ስለዚህ አራርቀሽ ትከዪ፣ በእንጨት ደግፊ፣ ውሃ ከሥር እንጂ በቅጠል ላይ አታፍስሺ። የታመመውን ነቅለሽ ቅበሪ ወይም አቃጥዪ። ማንኮዜብ የሚባለው መድኃኒት የሚረዳው ከመያዙ በፊት ነው፤ ከያዘ በኋላ አያድንም። ለከርሞ እዚያ ቦታ ላይ ባቄላ ወይም ጎመን ትከዪ።

መድኃኒቱን ከየት ገዛሽ? በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ከሆነ ሁለተኛ እንዳትገዢ። እኔ አንድ ጊዜ እንደዚያ ተቀድቶ የመጣ መድኃኒት አንድ መደብ ችግኝ በሙሉ አቃጥሎብኛል። ፀረ አረም ኖሯል። ልጅ ደግሞ ለስላሳ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ስሙና ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም ያልተጻፈበትን አትንኩ።

ከኮምቦልቻ፦ አቮካዶ ከፍሬው ዘር ተክዬ 4 ዓመቱ ነው። ለምን አያፈራም?

መልስ፦ ገና ነው። ከዘር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። የተዳቀለ፣ ማለትም ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት ችግኝ ቢሆን ኖሮ አሁን ትበላ ነበር። አንድ ደስ የሚለኝን ነገር ልጨምርልህ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። አንዳንዱ ዝርያ ጠዋት ሴት ነው፤ አንዳንዱ ከሰዓት። ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ ሲሆኑ ንቧ ታገናኛቸዋለች። ከጎረቤትህ ጋር የተለያየ ዝርያ ትከሉ።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦ ፓፓያውን ልንቀል ማለት ነው? በሱ ቦታ አፕል ይሆናል?

መልስ፦ ስለ ፓፓያው ነግሬሃለሁ። አፕል ለደሴ ይስማማል። አንድ ብቻ ግን አትትከል፤ አበባው ከሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ይፈልጋል። አና የሚባለውን ዝርያ ከገዛህ ዶርሴት ጎልደን የሚባለውን ጨምር፤ አብረው ያብባሉ።

ከሸዋ በር፣ ደሴ፦ ጥቅምት ገብቷል ጋሼ። ውርጭ አምና ድንቼን አቃጠለው።

መልስ፦ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለው ምሽት ሲሆን ተጠንቀቅ። ደመና ሲኖር መሬቱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ደመና ከሌለ ይለቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ጉድባ ውስጥ ያለው መደብ ቀድሞ ይመታል። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አጠጣ፤ ርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ያከማቻል። ማታ በጆንያ ሸፍን፣ እንጨት ተክለህ ቅጠሉን እንዳይነካ አድርግ። ጠዋት ግለጠው። የተቃጠለ ቅጠል ካለ ወዲያው አትቁረጥ፤ ከሥሩ ላለው ጤነኛ ቅጠል መከለያ ይሆንለታል።

ከኮምቦልቻ፦ ቲማቲም በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ይጠጣል?

መልስ፦ ጣትህን ክተት ብያለሁ። በቀን ስንት ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

ከሆጤ፣ ደሴ፦ ጋሼ ተመለስኩ። ባልዲውን ገለበጥኩት። ሥሩ አብዛኛው ቡናማ ነው፣ ይሸታል። ጫፉ ላይ ግን ሦስት አራት ነጫጭ አይቻለሁ።

መልስ፦ አብሽሪ፣ ይተርፋል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪ። ነጩን አትንኪ። አፈሩን ጣዪና ግማሽ ለም አፈር፣ ግማሽ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ቀይጪ። የላዩን ቅርንጫፍ ሲሶውን ቀንሺለት፤ ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። ፍሬ ካለው ልቀሚው። አንዴ አጠጪና ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አቆይው። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፀሐይ አውጪው።