ቺዙ ሱፐርማርኬት ውስጥ ተደርድሮ በርገር ቤቱ ለምን «አልቋል» ይላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሌሎች አባላት «ዶላር ነው»፣ «የለም፣ ስንፍና ነው» እያሉ ከተከራከሩበት በኋላ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ በርገር ቤት ልትከፍቺ አስበሻል። በአካባቢው ያሉት ቤቶች ግን አንድ ሳምንት ቺዝ፣ በሚቀጥለው ድንች፣ ከዚያ ደግሞ ዶሮ ሲጎድላቸው ታያለሽ፤ ምክንያቱን ጠይቀሻል። በካዛንቺስና በፒያሳ በርገርና ፒዛ በሚሸጡ ቤቶች ለዓመታት ዕቃ ግዢ ሆኜ ሠርቻለሁና ከዚያ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

አስተናጋጁ «ቺዝ አልቋል» ሲልሽ ብዙውን ጊዜ ቺዝ ከከተማው አልጠፋም። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሱፐርማርኬት ውስጥ ተደርድሯል። የጠፋው ሜኑው ላይ በታተመው ዋጋ የሚያዋጣ ቺዝ ነው። ባለቤቱ ሜኑውን ካሳተመ ወራት አልፈዋል፤ የቺዙ ዋጋ ከዚያ ወዲህ ንሯል። እንደገና ማሳተም ወጪ ነው፤ አሮጌው ዋጋ ላይ ወረቀት መለጠፍ ደግሞ ደንበኛ ያስቀይማል። ስለዚህ ገበያው እስኪረጋጋ ድረስ «አልቋል» ማለት ይቀላል። በሠራሁባቸው ቤቶች ይህን የማያደርግ አላጋጠመኝም፤ አስተናጋጆቹም የሚታዘዙትን ነው የሚናገሩት፤ አትቆጫቸው።

ዶላር ሚና የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ቼዳር ቺዙ፣ በትንንሹ የታሸገው ካቻፕና ማዮኔዝ፣ የበርገር ሳጥኑ ሳይቀር ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የሁሉም ጉዞ ባንክ ዶላር ከመጠየቅ ይጀምራል። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጥ ሲከለክል፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውም ዕቃ አብሮ ተወደደ፤ አስመጪው በእጁ ያለውን ይዞ መጠበቅ ጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ክልከላውም ተነሳ። ዕቃው ተመለሰ፤ ነገር ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግዢ ክፍል ውስጥ የምንጨቃጨቀው «ከየት ይገኛል?» በሚለው ሳይሆን «በስንት?» በሚለው ሆነ።

በባሕር ከሚመጣው ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። በ2016 መጀመሪያ አካባቢ በቀይ ባሕር መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ዋጋ ጨመረ፤ ያ ጭማሪ ተንከባልሎ መርካቶ ደረሰ። አነስተኛ በርገር ቤት ደግሞ ከአስመጪው በቀጥታ አይገዛም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ እጅ ነው፤ ዋጋው ሲጨምር መጀመሪያ የሚሰማው፣ ሲቀንስ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው። የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ2014 የዩክሬን ጦርነት የዘይት ገበያውን ካናጋው በኋላ ኢንዶኔዥያ ከሚያዝያ ጀምሮ ለሳምንታት ፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። እኛ ጋ የሚረጋው ዘይት (ፓልሙ) በጀሪካን ለማግኘት ልመና ሆነ። ድንቹ በጆንያ ተቆልሎ የሚጠበስበት ዘይት ያልነበረበት ሰሞን ነው። አንዳንድ ቤት ዘይቱን ሬት እስኪመስል ሲያመላልሰው አይቻለሁ፤ ከእነዚያ ቤቶች ዛሬም ቺፕስ አልበላም።

አሁን ወደ አገር ውስጡ ዕቃ ልምጣ፤ ሰው የማይጠረጥረው እሱን ነውና። ፒያሳና አራት ኪሎ ያሉ ቤቶች ድሮ ቲማቲም ሲያልቅባቸው አንድ ልጅ አትክልት ተራ ልከው ያስመጡ ነበር። ገበያው በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ያ አማራጭ ተዘጋ። አሁን ከማለዳው በፊት መድረስ ያስፈልጋል፤ የመኪና ኪራይ አለ፤ ለአንድ ሣጥን ቲማቲም ብሎ ማንም አይሄድም። ስለዚህ ሠፈር ካለው ቸርቻሪ በውድ ትገዣለሽ ወይም በርገሩ ያለ ቲማቲም ይወጣል። በክረምት ደግሞ ዝናቡና በሽታው የቲማቲሙን ማሳ ሲመታው ከመቂና ከዝዋይ በኩል የሚመጣው ይቀንሳል፤ የደረሰውም ግማሹ የላሸቀ ነው።

ድንች የራሱ ጉድ አለው። ድንች ሁሉ ለቺፕስ አይሆንም። ውኃ የሚበዛበት ከሆነ ዘይት ይጠጣል፣ ተጠብሶም ይልፈሰፈሳል። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች ለጥብስ ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ ጆንያው ሲመጣ ተደበላልቆ መምጣቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤቶች የሚሠሩትን ልንገርሽ፦ ርካሽ ሲሆን ብዙ ገዝተው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጥሬ ድንች በጣም ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። ከዚያ ያንን ሁሉ ይጥሉና «ድንች የለም» ይሉሻል። ጨለማና ነፋሻ ክፍል ይበቃዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የአዲስ አበባን በርገር ቤት የሚገዛው የጾም አቆጣጠር ነው። ይህንን የማይከተል ዕቃ ግዢ ምንም ያህል ዶላር ቢኖረው ይጎድልበታል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀናት የወተትና የሥጋ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ላሟ ግን ጾም ነው ብላ መታለቧን አታቆምም። ወተቱ ይተርፋል፤ አቀነባባሪዎች ወደ ቺዝና ቅቤ ይለውጡታል። በዚያው ጊዜ የጾም ምግብ ፈላጊ ስለሚበዛ ድንቹ፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ይወደዳሉ። ስለዚህ በሁዳዴ ቺፕስ የሚጎድለው ቤት በፋሲካ ሳምንት ቺዝ ይጎድለዋል፤ ምክንያቱም ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ወደ ወተትና ቅቤ ይመለሳል። አንድ ኪሎ ሞዛሬላ ለመሥራት አሥር ሊትር ገደማ ወተት እንደሚፈጅ አስቢ፤ ወተቱ በቀጥታ ሲፈለግ ለቺዝ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ብልህ ቤት ሞዛሬላውን በጾም አጋማሽ ገዝቶ፣ ፈቅፍቆ፣ በየኪሎው አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባል። ለፒዛና ለበርገር ሲቀልጥ ልዩነቱን ማንም አያውቅም።

ዶሮን በአጭሩ፦ ከጫጩት እስከ እርድ ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ መኖውም በቆሎ፣ አኩሪ አተርና ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ስለሆነ የእነሱ ዋጋ ሲንር አርቢው የሚያስገባውን ጫጩት ይቀንሳል። እጥረቱን አንቺ የምታይው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ አርቢው በሕይወት ለገበያ መሸጥ ስለሚያዋጣው ያንቺን ትዕዛዝ ይረሳል። ሜኑሽ ላይ የዶሮ ክንፍ ልትጨምሪ ካሰብሽ ደግሞ ከልብሽ አስቢበት፤ ዶሮ ያላት ሁለት ክንፍ ብቻ ነው፣ አቅራቢው የቀረውንም እንድትወስጂ ይፈልጋል።

አንድ አባል «ፈረንጆቹ እንዲህ አይሆኑም» ብሎ ጽፏል። ይሆናሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የካቲት 2018 የእንግሊዙ ኬኤፍሲ (የጥብስ ዶሮ ቤቶች ሰንሰለት) አከፋፋይ ድርጅት ቀይሮ ዶሮውን ራግቢ በምትባል ከተማ ካለ አንድ መጋዘን ማውጣት ሲጀምር፣ ከ900 ገደማ ቅርንጫፎቹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ተዘግተው ነበር። ዶሮ አልጠፋም፤ መኪናው አልደረሰም። ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያው ነው፦ በጥር 2022 እዚያው ያለው ኬኤፍሲ ቺፕስ አለቀበት። ድንቹን ከግብፅ ያስመጣ ስለነበር መርከቡ ዘገየ፤ የአገሩ ገበሬ ግን ድንች ታቅፎ ተቀምጧል። ኬንያውያን ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። የኩባንያው ምክንያት ግን የጥራት ደረጃውን አሟልቶ ከጸደቀ አቅራቢ ውጭ አለመግዛቱ ነበር። ይህ ለእኛም የሚሠራ ነው፤ የሠፈሩን ድንች ከመናቅ ይልቅ አንድ አቅራቢ ይዞ ዝርያውን እየለየ እንዲያመጣ ማስለመድ ይሻላል።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መነሻ ገንዘቤን ለግድግዳ ጌጥ አላወጣም። ጥሩ ፍሪዘርና ቢያንስ የአንድ ወር ዕቃ መግዣ ይቅደም። ሜኑው አጭር ይሁን፤ ዋጋው በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ሲጨምር ጨምሪ፣ ሲቀንስም ቀንሺ፤ ደንበኛ ከ«አልቋል» ይልቅ እውነተኛ ዋጋ ይታገሣል። ከውጭ በሚመጣ ሶስ ላይ ስምሽን አትገንቢ፤ ቲማቲም በሚረክስበት ሰሞን በሚጥሚጣም ይሁን በነጭ ሽንኩርት የራስሽን ቀቅለሽ አስቀምጪ። የጾም በርገሩን ደግሞ እንደ ማካካሻ አትዪው፤ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ፣ ሽምብራ ዶላር አይጠይቅም።

ደረሰኝን በሚመለከት አትክልት ነጋዴው አይሰጥሽም፤ ግብር ሰብሳቢው ደግሞ ያለ ደረሰኝ ወጪሽን አይቀበልም። ትልልቆቹ ቤቶች በዚህ ምክንያት ብቻ በውድ ይገዛሉ። ሒሳብ ሠራተኛሽን ከመክፈትሽ በፊት አማክሪ፤ ያለ ደረሰኝ ለሚገዛ ዕቃ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚያዝ አስቀድመሽ ካላወቅሽ ትርፍ የመሰለሽ ለግብር ይሄዳል።

ቤቱን ከመከራየትሽ በፊት ደግሞ ስለ መብራቱ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ሥጋ ቤት ጠይቂ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ በደንብ የሚያውቀው እሱ ነው።