ኤሲው ስንት ዲግሪ ይሁን ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ከመጣችሁ አምስት ወር ሆኗችኋል። ሙቀቱ አላስተኛ ሲላችሁ ኤሲ ገዛችሁ፤ ማታ ማታ 18 ላይ አድርጋችሁ ትተኛላችሁ። ወር ያደርሳችሁ የነበረው የመብራት ካርድ አሁን ግማሽ ወር ሳይሞላው ያልቃል። «ስንት ዲግሪ ላድርገው?» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው 24 ብሎ መልሶልሻል። አልተሳሳቱም። ግን እኔ ቤት የሆነውን ካየሁ በኋላ፣ ሪሞቱን በመንካት ብቻ ካርድሽ ወር ይደርሳል ልልሽ አልችልም።

አዳማ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቤታችን ፍራንኮ አካባቢ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ እናቴን ጨምሮ አምስት ነን። የዛሬ ሦስት ዓመት መጋቢት ላይ እኛም እንደናንተ ካርድ በላይ በላዩ ስንሞላ ባለቤቴ «ይሄ ኤሲ ይሸጥ» አለ። እናቴ ግፊት አለባት፣ በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው የምታድረው፣ ስለዚህ አይሸጥም አልኩ። ክርክሩ አላልቅ ሲል የልጄን ያለቀ ደብተር አወጣሁና ጠዋት 12 ሰዓት እና ማታ 12 ሰዓት የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። የቀረሽን ብር አይደለም የምልሽ። ቁልፉን ስትጫኚ እስካሁን የተጠቀምሽው ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ፍጆታ መለኪያው) ይመጣል፣ እሱን ነው።

በብር አትቁጠሪ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ «ድሮ በዚህ ብር ወር እንደርስ ነበር» ስትይ ከፊሉ የኤሲው ጥፋት አይደለም። ሌላው ደግሞ ታሪፉ ደረጃ አለው፦ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ እያለ እያለ ከ500 በላይ ሲሆን ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ኤሲ ስትጨምሪ የፍጆታሽ መጠን ብቻ ሳይሆን የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል ማለት ነው። (ቆጣሪያችሁ ከአከራያችሁ ወይም ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ከሆነ ይሄ በጣም ይጎዳችኋል፤ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ተደምሮ ላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣል። ከተቻለ የራስ ቆጣሪ ማስገባት ነው።)

አሁን ወደ ኤሲው። የኔው 12 ሺህ ቢቲዩ ነው (የማቀዝቀዝ አቅሙ ነው)፣ ኢንቨርተር የሚሉት ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ዓይነት አይደለም፣ ሲሠራ 1.2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። 18 ላይ አድርገን ስምንት ሰዓት ስንተኛ ደብተሬ ላይ 9 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነበር የሚጻፈው። እንደዚህ ዓይነት ኤሲ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ መሥራትና ማረፍ። 18 ስትይው ከ26 የበለጠ ቀዝቃዛ አየር አይነፋልሽም፣ ቶሎም አያቀዘቅዝልሽም። ከዚህ አሰላ የሚሄድ መኪና አሰላ ድረስ ስለሚሄድ ብቻ መንገድ ላይ ያለችው ዴራ ቀድሞ አይደርስም አይደል? እንደዚያ ነው። ልዩነቱ፣ 26 ስትይው ደርሶ ያርፋል። 18 ስትይው ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የአዳማ ቤት በሚያዝያ ሌሊት 18 መድረስ ስለማይችል ኮምፕረሰሩ (የሚያቀዘቅዘው ሞተር) ሲጮህ ያነጋል። የናንተ ኢንቨርተር ከሆነ ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለሚሠራ ትንሽ ይሻላል፣ ግን እሱም 18 ተብሎ ዕረፍት የለውም።

ህንዶች ይሄን ነገር በደንብ አስበውበታል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ የቤት ኤሲ ከፋብሪካ ሲወጣ 24 ላይ ተስተካክሎ እንዲወጣ አዘዋል፤ አንድ ዲግሪ ከፍ ባደረግሽ ቁጥር 6 በመቶ ገደማ ይቆጠባል ነው የሚሉት። እኔ 24ም አላልኩም። 26 አድርጌ ቬንቲሌተር ጨመርኩበት። ቬንቲሌተር 50 ወይ 60 ዋት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢሽከረከር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ላይሽ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ግን ክፍሉን ሁለት ሦስት ዲግሪ የቀነሰ ያህል ነው የሚሰማሽ። ሌሊቱ ከ9 ወደ 5 ወረደ። እናቴ ደግሞ ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷን አያማትም፣ 18 ላይ ስንተኛ ያማት ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ ከዲግሪው ጋር አብረሽ አድርጊ። አንደኛ፣ ቀን ከቆርቆሮው ሥር የጠጡትን ሙቀት ግድግዳውና ኮርኒሱ ማታ ነው የሚመልሱት። ቤት ገብተሽ ወዲያው ኤሲ ከከፈትሽ ለሰው ሳይሆን ለግድግዳና ለኮርኒስ ነው የምትከፍይው። እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በርና መስኮቱን ፊት ለፊት እንከፍታለን። የአዳማ ነፋስ ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ጉብታዎቹ ላይ የሚታዩት የነፋስ ማመንጫዎች ሁለቱ ተደምረው 204 ሜጋዋት የተተከሉት ለዚሁ ነፋስ ተብሎ ነው። ያው ነፋስ በመስኮትሽ በነፃ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል አናፍሰን እንዘጋና ኤሲውን እንከፍታለን። ቀን ደግሞ በምዕራብ በኩል ያለው መጋረጃ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይዘጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ራሱ ይበርዳል፣ ያኔ ኤሲ ጭራሽ አንነካም።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን እጠቢው። እዚህ አቧራ አለ፣ አዲስ አበባ ያለው ዓይነት አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ የፊት ክዳኑን ከፍተሽ፣ ማጣሪያውን አውጥተሽ፣ በውሃ አጥበሽ፣ ጥላ ላይ አድርቀሽ መልሺው። ሲታፈን አየር ማለፍ ያቅተዋል፣ ያው ዲግሪ ላይ ለመድረስ ብዙ ይሠራል።

እሺ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኤሲውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋንበት ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንትም ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር እንዳሰብኩት አልወረደም። ማንም ቤት በሌለበት ቀን እንኳ ቆጣሪው ይቆጥራል። አንድ በአንድ ብሬከር እየዘጋሁ ሳይ ቦይለሩ ሆኖ ተገኘ። ባለ 50 ሊትር ነው፣ 1500 ዋት። ከዓመት በፊት ሊጠግን የመጣ ሰው ቴርሞስታቱን (የሙቀት ማስተካከያውን) እስከ ጥግ አዙሮት ሄዷል፣ እኛ ደግሞ ቀንም ሌሊትም በርቶ ነው የሚውለው። ውሃው ቆዳ ይልጣል። ልጆቹ ሲታጠቡ ግማሹ ቀዝቃዛ ውሃ ካልተጨመረበት አይነካም። አስቢው፣ ከፍለን እናፈላዋለን፣ ከዚያ መልሰን እናቀዘቅዘዋለን። ሰው ባይታጠብ እንኳ ታንኩ ሙቀቱን እያጣ፣ ቴርሞስታቱ እየመለሰ ሲያሞቀው ይውላል።

50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ወደ 75 ከሆነ 3.2 ይሆናል። ይሄ እንግዲህ አንዴ ብቻ ሲሞቅ ነው። የኛ በቀን 6 ገደማ ይበላ ነበር፣ በወር 180 ማለት ነው፣ ለሻወር ብቻ!

ከዚያ በላይ ያናደደኝ ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ቤት ሮቶ አለው፣ ያውም ጥቁር። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ከሰዓት በኋላ ቧንቧውን ስትከፍቺ ውሃው ለብ ብሎ ነው የሚወርደው። ፀሐይ ያሞቀችውን ውሃ ነው እኛ እንደገና በመብራት የምናሞቀው። አሁን በእነዚህ ወራት የቦይለሩ ብሬከር ዝግ ነው። ልጆቹ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በሮቶው ውሃ ይታጠባሉ፣ እናቴም ትወደዋለች። ክረምት ሲገባ ከመታጠባችን አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለን እናበራዋለን፣ ሁላችንም ተከታትለን እንታጠባለን፣ እናጠፋዋለን።

ቴርሞስታቱን 60 ላይ አደረግነው። ከዚያ በታች ግን አትውረጂ። ለብ ያለ ውሃ ታንክ ውስጥ ሲቀመጥ ሌጂዮኔላ የሚባል የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የተጠራቀመ ሙቅ ውሃ 60 ላይ እንዲሆን ነው የሚመክረው። ለወራት ያጠፋሽውን ስትመልሺም መጀመሪያ 60 እስኪደርስ አሙቂው፣ ከዚያ ታጠቡ። ማስተካከያዋ አንዳንዱ ላይ ውጭ ናት፣ አንዳንዱ ላይ ከታች ክዳኑ ውስጥ ናት። ክዳኑ ውስጥ ከሆነች ራስሽ አትክፈቺው፣ ብሬከሩ ተዘግቶ ኤሌክትሪሻን ይየው።

ቦይለሩን ማስተካከሉ በቀን 5 ገደማ አተረፈልን። ኤሲውን ከ18 ወደ 26 ማውጣቱ 4። ለኤሲው እንቅልፋችንን ተከራክረንበታል፣ ለቦይለሩ ግን ማንም ሰው ምንም አልጎደለበትም።

ፍሪጅ ላይ ያየሁትንም ልጨምርልሽ። ውስጡ ያለችው ከ1 እስከ 7 የምትሄደው ቁጥር ዲግሪ አይደለችም። ብዙ ሰው 1 ማለት ቀዝቃዛ ይመስለዋል፤ በአብዛኛው ተቃራኒ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። ሙቀት ነው ብለን 7 ላይ አድርገነው ጀርባው በረዶ ሠርቶ ነበር። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር አድርጌ አሳደርኩት (የትኩሳቱ አይሆንም፣ እሱ ዝቅ ያለውን አያነብም)። 3 ቁጥር ላይ 4 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት፣ እዚያው ተውነው። ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቂው። በሩ ላይ ወረቀት አስገብተሽ ዝጊና ሳቢ፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አርጅቷል።

ምጣድ ላይ ብዙ ማለት አልችልም፣ እንጀራ ካልተጋገረ አይሆንም። ግን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ የሚስብ ነገር ስለሆነ መሞቂያውን ጊዜ ማባከን ያስቆጫል። ድሮ ትንሽ ትንሽ በሳምንት አራት ቀን እጋግር ነበር፣ አራቴ ምጣድ አሙቄ ማለት ነው። አሁን ሊጡን አብዝቼ ሁለት ቀን ነው የምጋግረው። የመጨረሻዋን እንጀራ አጥፍቼው በቀረው ግለት ነው የማወጣት፣ ከዚያም ምጣዱ ላይ ድርቆሽ ይደርቃል። ሲጋገር ግን ኤሲም ቦይለርም አብረው አይበሩም። ቢል አይቀንስም ይሄ፣ ግን ብሬከሩ አይወርድብሽም፣ ሽቦውም አይግልም።

ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲው ወዲያው እንዳይነሳ አድርጊ። ጠፍቶ ይቆይና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ክፈቺው። ኮምፕረሰር ማስቀየር ከስንት ወር ካርድ ይበልጣል።

እና ለጥያቄሽ መልሴ፦ ኤሲው 26 ከቬንቲሌተር ጋር፣ በጣም ከሞቃችሁ 25። ሕፃን ወይም ትልቅ ሰው ካለ በሱ ስሜት ሂጂ። ግን ነገ ጠዋት መጀመሪያ ቦይለሩን እዪው። ከዚያ ሁለት ሌሊት የቆጣሪውን ቁጥር ስትተኙና ስትነሱ ጻፊ፣ አንዱን ሌሊት በ18 አንዱን በ26። ቁጥሩን፣ የቦይለሩን ሊትርና ኤሲው ኢንቨርተር መሆን አለመሆኑን እዚሁ ጻፊልኝ፣ የኔን ደብተር አውጥቼ ጎን ለጎን አየዋለሁ።