ማሳዬን የሚያጠፋውን አውሬ መግደል ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስዎ። ገበሬ ነኝ። ማሳዬ ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይጨርሱታል። ዘንድሮ አንድ ከርከሮ በጦር ገደልሁ። አንድ ዝንጀሮም በወጥመድ ይዤ አሰርሁት፤ የሰፈር ልጆች ከጠዋት እስከ ቀትር በድንጋይ ሲወግሩት ቆይቶ ሞተ፣ በድኑንም አጥር ላይ ሰቀልነው። አንድ ካህን «አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአውሬ ጋር ኖሩ፣ አንተ ትገድላለህ?» ብለው ገሠጹኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ጅብ ፍየሎቹን ስለፈጀበት «ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንጣልለት» ይለኛል። በድያለሁ? ንስሐስ ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ያደግሁ ነኝ። ዝንጀሮ ጠባቂው ማን እንደሆነ ያውቃል። ትልቅ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ ልጅ ሲያይ ግን እሸቱን እየላጠ ዓይን ዓይንህን ያይሃል። አንድ ቀን ቁርሴን ልቀማምስ ወርጄ እስክመለስ የማሳው አንድ ጥግ ተጋድሞ ቆየኝ። አንዱን እሸት አንዴ ገምጦ ይጥልና ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ በልቶ እንኳ አይጨርስም። አባቴ የተገመጠውን እየለቀመ ለላሟ ሲሰጥ ቆሜ አየሁ። ስለዚህ ጥያቄህ የዓመት ጉሮሮ ጥያቄ መሆኑ ይገባኛል።

«አትግደል» የሚለው ትእዛዝ ስለ ሰው ነፍስ የተነገረ ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ለኖኅ እንስሳትን በእጁ ሰጥቶት፣ የሰውን ደም ግን በመልኩ ስለፈጠረው ለይቶ ጠብቆታል (ዘፍ. 9)። እህልህን ሲያጠፋ ያገኘኸውን ከርከሮ በመግደልህ እንደ ነፍሰ ገዳይ አትቆጠርም።

ካህኑ የተናገሩትም እውነት ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር ኖረዋል፤ ሥዕላቸውን የማያውቅ የለም። አውሬ ለአዳም ይገዛ የነበረው ከበደል በፊት ነው፤ ቅዱሳን በተጋድሏቸው ያንን ክብር መልሰው አገኙት። ግን ጻድቁ ማሳ አልነበራቸውም፣ ምድራዊ ምግብም አልቀመሱም። አንተ አምስት ልጅ የምታሳድግ ከሆንህ በጻድቁ መለኪያ መለካትህ አይቀናልኝም። ገድላቸው ለአንተ የሚያስተምርህ ሌላ ነገር ነው፦ ከአውሬው ጋር ያለህ ጠብ የተፈጥሮ ሥርዓት ሳይሆን የበደል ውጤት መሆኑን። ጦር ስታነሣ ይህን ካሰብህ አወራወርህም ይለያል።

ለገበሬና ለእረኛ የሚቀርበው ዳዊት ነው። ለሳኦል የነገረውን ብዙዎች ለጀግንነት ይጠቅሱታል፤ እኔ ቅደም ተከተሉን ልብ በል እላለሁ። አንበሳ ወይም ድብ ጠቦት ሲወስድ ዳዊት መጀመሪያ ተከተለው፣ መታው፣ ጠቦቱን ከአፉ አስጣለው። የገደለው «በተነሣብኝ ጊዜ» ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥34-35)። ጠቦቱን ካስጣለ በኋላ አውሬው ቢሸሽ ኖሮ እስከ ዋሻው ይከተለው ነበር የሚል ቃል አላየሁም። ማስጣል የእረኛ ሥራ ነው፤ መግደል ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚመጣ ነው። ገድሎ መፎከር፣ ቆዳና ጥርስ ለመሸጥ ማደን፣ የጅብ አካል ለጠንቋይ መድኃኒት መፈለግ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ የመጨረሻው እንዲያውም ባዕድ አምልኮ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትህ። መርዙን እንዳትነካ። ጅቡ ፍየል ስለበላ ነው የተፈረደበት፤ መርዙ ግን ፍየል የበላውንና ያልበላውን አይለይም። ከዚያ ሥጋ ውሻ ይበላል፣ ቀበሮ ይበላል፣ በድኑ ላይ ጥንብ አንሳ ይወርድና እሱም ያልቃል፤ መንደሩን ከበሽታ የሚያጸዳው ደግሞ እሱ ነው። እረኛ ልጅም እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል። ኦሪት ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የወደቀውን በሬ ወይም አህያ ዋጋ ይክፈል ትላለች (ዘፀ. 21፥33-34)። መርዝ ያልተከደነ ጉድጓድ ነው። ከርከሮውን በጦር ከመግደል ይልቅ ይህ ኃጢአት ነው ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

ያበደ ወይም ሰው መልመድ የጀመረ ጅብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለቀበሌው አሳውቃችሁ፣ መሣሪያ ባለው ሰው አስገድሉት፤ ለዚህ ንስሐ መግባት አያስፈልግም። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ አድርሱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጸበሉንም ክትባቱንም፤ አንዱን በሌላው አትተኩ።

ስለ ጅብ አንድ ነገር ልጨምር። በትግራይ አጥኚዎች የጅብ ኩስ መርምረው በዐቢይ ጾም የአህያ ፀጉር በዝቶ አግኝተዋል። እኛ እርድ ስናቆም አጥንትና ትርፍራፊ ያጣል፤ ወደ አህያ ይዞራል። ስለዚህ ከቅበላ ጀምሮ አህያህን ሌሊት ውጭ አታሳድር፤ የጎረቤትህም ፍየሎች በጠንካራ በረት ይደሩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን አጥሩ አሁን ይታጠር።

ለዝንጀሮውም እሸት በሚይዝባቸው ሳምንታት ጥበቃውን ለልጆች ብቻ አትተው። እንደ ወንፈል ተራ ግቡ፤ ማማ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር። ገደል አፋፉን የሚነካውን ጠርዝ ዝንጀሮ የማይፈልገውን ዝራበት። አካባቢህ ጭላዳ፣ ዋልያ ወይም ቀይ ቀበሮ ያለበት ከሆነ ደግሞ እነዚህ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነም ጦር ከማንሣትህ በፊት የወረዳውን ባለሙያ አማክር።

ንስሐውን በተመለከተ፣ ስለ ከርከሮው ልብህ አይረበሽ። ስለ ዝንጀሮው ግን ለንስሐ አባትህ ንገር። ከታሰረ በኋላ ማሳህን ሊያጠፋ አይችልም ነበር፤ በአንድ ምት መጨረስ ወይም መልቀቅ ትችል ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር የተወገረው እህልህን ለማዳን ሳይሆን ለጨዋታ ነው። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» (ምሳ. 12፥10) የተባለው ለቤት እንስሳ ነው ብለህ አትከራከረኝ፤ ጭካኔ ግቢ አይለይም። በድኑን ከአጥር አውርደህ ቅበረው። ለንስሐ አባትህ ስትሄድ ድንጋይ የወረወሩትን ልጆችም ይዘሃቸው ሂድ፤ ያሰርህላቸው አንተ ነህና ቀድመህ አንተ ተናገር።