በናስትሮ የተጠቀለለው ባትሪና የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

«ጋሼ፣ ለ16 ዓመት በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ አጭሻለሁ። ለማቆም ብዬ ጓደኛዬ ይጠቀምበት የነበረውን ትልቅ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተቀበልኩት። አዲስ ኮይል አስገብቼ፣ 20 ሚሊግራም የሚል ፈሳሽ ሞልቼ ወዲያው ጀመርኩ። ገና ስስበው ሳል ያዘኝ፣ ራሴንም አዞረኝ። በሁለተኛው ቀን የተቃጠለ ጨርቅ ይሸተኝ ጀመር፣ ከሥሩም ያንጠባጥባል። ስክሪኑ ላይ 80 ይላል፣ ኮይሉ ላይ 0.2 ተጽፏል። የሚሠራው በአንድ ባትሪ ነው፤ ሽፋኑ ተቀዶ ስለነበር ጓደኛዬ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ኮይል ልቀይር፣ ሌላ ልግዛ፣ ወይስ ነገሩ ለእኔ አይሆንም?»

ወንድሜ፣ ቀሪውን ከማንበብህ በፊት ያንን ባትሪ ከመሣሪያው አውጣው። ቻርጅ አታድርገው፣ ኪስህ ውስጥም አታስገባው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። 20 ሚሊግራም፣ 0.2 እና 80 የሚሉትን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። 20 በአንድ ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ነው፤ 0.2 የኮይሉ፣ ማለትም ፈሳሹን የሚያተነው ሽቦና ጥጥ፣ በኦህም የሚለካው የኤሌክትሪክ መቋቋም ነው፤ 80 ደግሞ በዋት የሚለካው ኃይል ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፣ አንተም አላጠፋህም። የተሰጠህ መሣሪያ ብዙ አየር በአንድ ጊዜ ቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስብ ሰው የተሠራ ነው። ሲጋራ አጫሽ ግን እንደዚያ አይስብም። መጀመሪያ አፉን ይሞላል፣ ቀጥሎ ነው ወደ ውስጥ የሚያወርደው። በዚያ ትልቅ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚሞሉት 3 ወይም 6 ሚሊግራም ያለው ወፍራም ፈሳሽ ነው። አንተ የሞላኸው 20 ለትንንሾቹ የታሰበ ነው። በአንድ ሳብ ያ ሁሉ እንፋሎት ከዚያ ሁሉ ኒኮቲን ጋር ሲወርድብህ ማሳልህና መዞርህ አይገርምም። የማንጠባጠቡም ምክንያት ይኸው ነው፤ ባለ 20 ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው፣ የትልቁ ኮይል መግቢያ ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ጥጡ ሊይዘው አይችልም።

የተቃጠለው ሽታ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ያወቀ ሰው መሣሪያ ሲመርጥ አይሳሳትም።

የፋኖስ ክር አስብ። ክሩ ጋዝ እስከጠጣ ድረስ የሚነደው ጋዙ እንጂ ክሩ አይደለም። ጋዙ ሲያልቅ ግን እሳቱ ክሩን ራሱን ይበላዋል፤ ጫፉ ይጠቁርና ቤቱ በጭስ ይሞላል። በኮይል ውስጥም ያለው ጉዳይ ይኸው ነው። አንድ የተጠማዘዘ ሽቦ አለ፣ በዙሪያው ጥጥ አለ፣ ጥጡ ፈሳሹን ከታንኩ እየጠጣ ወደ ሽቦው ያደርሳል። ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል፣ በመትነኑም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ማለትም ሽቦውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሹ ራሱ ነው፣ የምትስበው አየርም ያግዘዋል። ጥጡ ርጥብ እስከሆነ ድረስ ምንም አይነካውም። ሽቦው ጥጡ ከሚያደርስለት በላይ ካተነነ ግን ጥጡ ይደርቃል፣ የሚግለው ጥጡ ይሆናል፣ ያ የጨርቅ ሽታ ይመጣል። አንዴ ከጠቆረ ደግሞ አይመለስም፤ ብታጥበውም፣ ፈሳሽ ብትቀይርም ሽታው አይለቅም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች መመጣጠን አለባቸው። እነሱም ሽቦው የሚያተነው፣ ጥጡ የሚያደርሰውና አንተ የምትስበው አየር ናቸው። አዲሱን ኮይል አስገብተህ ወዲያው ስትጀምር ጥጡ መሃሉ ገና ደረቅ ነበር። በ80 ዋት ላይ አድርገህ እንደ ሲጋራ ቀስ ብለህ ስትስብ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው አየር አነሰ። ኮይሉን ፈትተህ በመብራት ወደ መሃሉ ብትመለከት ከሽቦው አጠገብ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለበት ታገኛለህ። አምጥተውልኝ ያየኋቸው የተቃጠሉ ኮይሎች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሞቱ ናቸው። ባለቤቱ ግን ሳምንት ሙሉ ፈሳሹን ሲረግም ይቆያል።

ስለዚህ ኮይል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ትልቁን ተወው።

ለመጀመሪያ የሚሆንህ በፖድ፣ ማለትም ፈሳሹንና ኮይሉን በያዘ ተነቃይ ትንሽ ዕቃ፣ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ባትሪው ውስጡ የተገጠመ፣ በዩኤስቢ የሚሞላ፣ ፈሳሽ የሚሞላበት ፖድ ወጥቶ የሚቀየር ይሁን። የኮይሉ ቁጥር ከ0.8 እስከ 1.2 ኦህም መካከል መሆኑን እይ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ያንሳል፣ እንፋሎቱም ይቀንሳል፣ አሳሳቡም ወደ ሲጋራው ይቀርባል። ኃይሉ ከ10 እስከ 15 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። አየር ማስገቢያውን ማጥበብ ከተቻለ በጣም ጥሩ፤ እንደ ሲጋራ ጠበቅ ብሎ ሲሳብ ነው ሰውነትህ የለመደውን የሚያገኘው። ስክሪን፣ ቀለም፣ መብራት አያስፈልግህም። ተስቦ ካለቀ በኋላ የሚጣለውን ዓይነትም አልመክርህም፤ ከነባትሪው ቆሻሻ ይሆናል፣ ኒኮቲኑን ቀስ በቀስ ዝቅ ለማድረግም አይመችም። መለዋወጫ ፖዱ በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛ። ሽያጩ የተከለከለባቸው አገሮችም ስላሉ ያለህበትን ሕግ አስቀድመህ እወቅ፤ ከተከለከለ የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው አለልህ።

ኒኮቲኑን በተመለከተ ሰዎች የሚሳሳቱት ወደ ታች ነው። «ዝቅተኛው ይሻላል» ብለው 3 ሚሊግራም በትንሽ መሣሪያ ይሞላሉ፣ አይበቃቸውም፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ፓኮው ይመለሳሉ። በቀን አንድ ፓኮ ለሚያጨስ፣ በተለይ ከእንቅልፉ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ለሚለኩስ ሰው፣ በትንሽ ፖድ ባለ 20 ሚሊግራም የኒኮቲን ጨው መጀመር ትክክል ነው። ጨው የሚባለው ኒኮቲኑ ከአሲድ ጋር ተዋሕዶ ጉሮሮ ላይ የለሰለሰው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ስቅታ ከመጣ በዝቶብሃል፤ ቆም በል፣ ቀጥሎም ወደ 10 ውረድ። የያዝከው ፈሳሽ ላይ «ጨው» የሚል ካለበት ለአዲሱ ይሆንሃል፣ አትድፋው። ነገር ግን ጠርሙሱ ልጅ በማይደርስበት ተቆልፎ ይቀመጥ። የተዋጠ ኒኮቲን ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። እጅህ ላይ ከፈሰሰም ወዲያው ታጠብ።

«ለእኔ አይሆንም?» ላልከው፣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ ውስጥ በ886 አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። የሚሞላ መሣሪያና ባለ 18 ሚሊግራም ፈሳሽ ከተሰጣቸው መካከል ከዓመት በኋላ ሲጋራ ያቆሙት 18 በመቶ ነበሩ፤ ማስቲካና የሚለጠፍ ከወሰዱት ደግሞ 9.9 በመቶ። ሁሉም ላይ እንደማይሠራ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በመሣሪያው ካቆሙት ውስጥም ብዙዎቹ በዓመቱ መሣሪያውን ገና አልተዉትም ነበር፣ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም። ጥቅሙ ያለው ሲጋራው ሲቀር ነው። የሲጋራ ጫፍ ሲሳብ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ታሩ የሚመጣው ከዚያ ቃጠሎ ነው። ቀን ቀን መሣሪያውን ስበህ ማታ አምስት ሲጋራ ካጨስክ ቃጠሎው አልቀረልህም። የማያጨስ ሰው ደግሞ ይህን ነገር መጀመር የለበትም፣ ታዳጊዎች ከነጭራሹ። የልብ ሕመም ካለብህ ሐኪምህን አማክር።

አሁን ወደ ባትሪው። ያ ባትሪ 18650 የሚባለው ይመስለኛል፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው ፖዘቲቩ ከላይ፣ ኔጋቲቩ ከታች ብቻ ያለ ይመስለዋል። ኔጋቲቩ ግን ከታች እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ ያለው ቆርቆሮ በሙሉ ነው። ከላይ ፖዘቲቩን ከዚያ ቆርቆሮ የሚለየው አንድ ስስ ቀለበትና ያ ፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ከተቀደደ የመሣሪያው መገናኛ ሁለቱንም ሊነካ ይችላል፣ ያ ሾርት ነው። ናስትሮ ደግሞ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል፣ ውፍረት ስለሚጨምርም ባትሪው ሲገባና ሲወጣ ይላጣል። እጄ ላይ እንዲህ የተጠቀለለ አንድ ባትሪ ወድቆ ነበር። ናስትሮውን ስልጠው ከፖዘቲቩ ጎን ያለው ጠርዝ በሩዝ ፍሬ መጠን ጠቁሮ ነበር፣ የመሣሪያውም ስፕሪንግ ተለብልቦ አጥሯል። ባለቤቱ «ትንሽ ይሞቃል» ብሎ ነው ያመጣው። ሽፋን እኮ በልኩ የተሠራ፣ በሙቅ አየር የሚጨማደድ ይሸጣል! ያም ቢሆን ያልተጎዳ ባትሪ ላይ ነው የሚለበሰው።

በዚያ ላይ 80 ዋት። ባትሪው ወደ 3.5 ቮልት ሲወርድ 80ን ለ3.5 አካፍል፣ 23 አምፒር ገደማ ይመጣል። ከአንድ ባትሪ ይህን ያህል መጎተት ጥሩ የሚባሉትን እንኳ ያስጨንቃል። ገበያው ደግሞ የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን «9900» ሚሊአምፒር ሰዓት ነው ተብሎ ተጽፎባቸው በሚሸጡ ፎርጅዶች ተሞልቷል። እውነተኛ 18650 ከ3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። 9900 የሚል ካየህ ጽሑፉ ብቻውን ውሸቱን ነግሮሃል፣ ውስጡም ከተጣለ ላፕቶፕ የወጣ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ከአገር ውጭ ይመጣ፣ ከጎረቤት፣ ለውጥ የለውም፤ የተቀደደና ቁጥሩ የማይታመን ከሆነ አትጠቀምበት። መጀመሪያ ውስጡ የተገጠመ ባትሪ ያለውን ምረጥ ያልኩህም ለዚህ ነው።

አዲሱን ስታመጣ ፖዱን ሙላ፣ ቁልፉን ሳትነካ 10 ደቂቃ አቁመው፣ ከዚያ ሳይበራ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ሳበው፣ ጥጡ ይጠጣ። ሳቡ ሦስት ሰከንድ ያህል ይሁን፣ በመሃሉ ትንሽ አረፍ በል። ፈሳሹ ከመስኮቱ በታች ሲወርድ ሙላ፣ ደረቅ አታስኪደው። ኮይሉ ወይም ፖዱ እንደ አጠቃቀምህ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያገለግላል፤ ጣዕሙ ሲደበዝዝ ቀይረው፣ የጨርቅ ሽታ እስኪመጣ አትጠብቅ። ቻርጅ ስታደርግ ትራስ ላይ ወይም ተኝተህ አይሁን፣ አብሮት በመጣው ገመድ ሙላው፣ ከሞላ በኋላ ንቀለው።

የናስትሮውን ባትሪ ደግሞ ሁለቱንም ጫፎች በአዲስ ናስትሮ ሸፍነህ፣ ብቻውን በፕላስቲክ ዕቃ አድርገህ፣ አሮጌ ባትሪ የሚሰበስቡ ቦታ ስጣቸው። እሳት ውስጥም ሆነ የቤት ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው። ለጓደኛህም ንገረው፤ ሌላ በዚሁ ዓይነት የጠቀለለው ባትሪ ካለ ዛሬውኑ ያውጣው።